ግሪክ ከሄዳችሁ ፍጥሞን እንዳታልፏት

ስለ ግሪክ ደሴቶች ሲወራ መጀመሪያ የሚነሳው ሳንቶሪኒ ነው። ውበቱን አልክድም። ለእኛ ግን ከሁሉም የምትቀርበን ፍጥሞ ናት ባይ ነኝ። ፍቁረ እግዚእ ዮሐንስ ተግዞ ራእዩን ያየባት፣ በራእይ 1፥9 ስሟ የተጠራው ደሴት ዛሬም 3,000 ያህል ሰው ይኖርባታል። ግሪኮቹ ፓትሞስ ይሏታል።

የምትገኘው በኤጅያን ባሕር ምሥራቅ፣ ወደ ቱርክ ጠረፍ ቀረብ ብላ ነው። ስፋቷ 34 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ከእሳተ ገሞራ የተፈጠረች፣ ድንጋያማና ውኃ የሚያጥራት መሬት ናት።

ከወደቡ ከስካላ ወደ ላይኛው ከተማ ወደ ኾራ ሽቅብ ሲወጣ፣ መንገዱ አጋማሽ ላይ ዮሐንስ ራእዩን አየበት የሚባለው ዋሻ ይገኛል። አሁን ቤተ ክርስቲያን ነው። ጣሪያው ራሱ ዓለቱ ነው፤ ሦስት ቦታ ስለተሰነጠቀም ምእመናኑ የሥላሴ ምልክት ይሉታል። ግድግዳው ላይ ዝቅ ብሎ በብር የተከበበ ጎድጓዳ ቦታ አለ፤ ዮሐንስ ራሱን ያሳርፍበት ነበር ይባላል። በአገሩ ትውፊት፣ ደቀ መዝሙሩ ጵሮኮሮስ ራእዩን ከአፉ እየሰማ የጻፈውም እዚሁ ነው።

ተራራው አናት ላይ ምሽግ የመሰለ ገዳም አለ፤ የባሕር ወንበዴ ስለሚያሰጋ ነው እንዲያ የታጠረው። በ1088 እ.ኤ.አ. ክርስቶዱሎስ የተባሉ መነኩሴ ደሴቲቱን ከንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ አሌክሲዮስ ኮምኔኖስ በስጦታ ተቀብለው መሠረቱት። የሚገርመኝ፣ ስጦታው የተሰጠበት የንጉሡ ደብዳቤ እስከ ዛሬ በገዳሙ መኖሩ ነው። በ6ኛው ክፍለ ዘመን በሐምራዊ ብራና ላይ በብር ቀለም የተጻፈ የማርቆስ ወንጌል ቅጠሎችም አሉት። ዩኔስኮ ገዳሙን፣ ዋሻውንና ኾራን በ1999 በዓለም ቅርስነት መዝግቧል።

ደሴቲቱን ጣሊያን በ1912 ይዟት ነበር። ለግሪክ የተሰጠችው በ1947ቱ የፓሪስ የሰላም ውል ነው፤ አገራችንም የፈረመችበት ውል።

መቼ እንሂድ ብትሉኝ፣ በሰሙነ ሕማማት እላለሁ። በጸሎተ ሐሙስ አበምኔቱ በኾራ አደባባይ፣ ሕዝቡ ከቦ እያየ፣ የአሥራ ሁለት መነኮሳትን እግር ያጥባሉ። የእኛን ሕጽበተ እግር ለሚያውቅ ሰው ቋንቋው ባይገባውም ሥርዓቱ አይጠፋውም። ፋሲካቸውም ከእኛው ጋር በአንድ ቀን ይውላል።

አውሮፕላን ማረፊያ የላትም። ከአቴና ወደብ ከፒሬዎስ በመርከብ ሰባት ስምንት ሰዓት ያስኬዳል። አውሮፓ ያላችሁ፣ ለፋሲካ ከሆነ ማረፊያ ቀደም ብላችሁ ያዙ፤ ወደ ዋሻውና ወደ ገዳሙ ስትገቡም ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ልበሱ።