ለንደን ፊልድስ፦ የግጦሽ መብት ያተረፈው ሜዳ

ለንደን ፊልድስ በምሥራቅ ለንደን፣ ሃክኒ ውስጥ የሚገኝ፣ ስፋቱ 12 ሄክታር ተኩል ገደማ የሆነ የሕዝብ ፓርክ ነው። በጋ በመጣ ቁጥር ክርክር ይነሣበታል። አንዱ ወገን ሰዉ፣ ቆሻሻውና ጩኸቱ በዛ ይላል፤ ሌላው ፓርኩ የባለገንዘብ ግቢ እየሆነ ነው ይላል። ሜዳው በዚህ ሁሉ ቤት መካከል ለምን ባዶ እንደ ቀረ ግን ብዙም አይጠየቅም። የተለመደው መልስ የቪክቶሪያ ዘመን በጎ አድራጊዎች ለድኻው ንጹሕ አየር አሰቡለት የሚል ነው። መልሱ ሐሰት አይደለም፤ ዋናውን ምክንያት ግን ይዘለዋል። ዋናው ምክንያት የከብት ግጦሽ መብት ነው።

ሜዳው በ1540 መዝገብ ላይ ተጠቅሷል (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። በእንግሊዝ ልማድ ላማስ የሚባል ዓይነት መሬት ነበር። ባለይዞታው ምርቱን ካነሣ በኋላ፣ ከኦገስት መጀመሪያ እስከ ፀደይ መግቢያ፣ ሜዳው ለደብሩ ነዋሪዎች ከብት ይለቀቃል። አዝመራ ሲነሣ ማሳው ለመንደሩ ከብት ሁሉ ክፍት በሚሆንበት አገር ያደገ አንባቢ ሥርዓቱን ያውቀዋል። በሃክኒ ልማዱ በሕግ ፊት የሚጸና መብት ስለነበር፣ መሬቱ የባለርስቱ ቢሆንም እንዳሻው ሊያጥረውና ቤት ሊሠራበት አይችልም ነበር። ወደ ለንደን ገበያ የሚነዱ በጎችም እዚሁ ያርፉ ነበር። ዛሬ በፓርኩ ደቡብ ጫፍ፣ ብሮድዌይ ማርኬት ከሚባለው የገበያ ጎዳና አጠገብ፣ ወንድና ሴት ነጋዴ ከበጎች ጋር የሚያሳይ ሐውልት ቆሟል።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ለንደን እየሰፋች ሃክኒን ዋጠች። የለንደን ፊልድስ ሣር ተረግጦ አለቀ፤ መሬቱ ለጠጠር ተቆፈረ። በ1865 ለወል መሬት የሚሟገት ማኅበር ለንደን ውስጥ ተቋቋመ፤ በዓመቱ ፓርላማው በከተማዋና በዙሪያዋ የወል መሬት እንዳይታጠር ሕግ አወጣ። ሕጉ የሚሠራው የወል መብት ላለበት መሬት ብቻ ነበር። ፍርዱን የለየውም ይኸው ነው፦ መብቱ ያልነበረበት የሃክኒ እርሻና የአትክልት ቦታ በአብዛኛው ቤት ተሠራበት፤ መብቱ የነበረበት ተረፈ። በ1872 ለንደን ፊልድስ፣ ሃክኒ ዳውንስ፣ ዌል ስትሪት ኮመንና ሚልፊልድስ በሕግ የለንደን የአስተዳደር አካል በነበረው በሜትሮፖሊታን የሥራዎች ቦርድ እጅ ገቡ። የግል ግቢ የነበረው ክሊሶልድ ፓርክ ግን እንዲህ ያለ ጋሻ አልነበረውም፤ በጆሴፍ ቤክና በጆን ራንትዝ ቅስቀሳ በገንዘብ ተገዝቶ በ1889 ለሕዝብ ተከፈተ።

ሕጉም ብቻውን አልበቃም። ባለርስቱ መብቴ አልተነካም ብሎ ቁፋሮውንና አጥሩን ቀጠለ። በዲሴምበር 1875 የተቆጣ ሕዝብ ሃክኒ ዳውንስ ላይ የተተከለውን አጥር ነቅሎ ጣለ። ሙግቱ ሲጓተት ቆይቶ በ1880ዎቹ መጀመሪያ ቦርዱ የባለርስቱን መብት ገዛ፤ ከብቱም ቀስ በቀስ ከሜዳው ወጣ።

በዚህ ለውጥ የተገኘው በግልጽ ይታያል፤ የጠፋው ግን ተረስቷል። ሜዳው ከግንባታ ዳነ፤ ነዋሪው ግን ከባለመብትነት ወደ ተጠቃሚነት ወረደ። ከዚያ ወዲህ የሚፈቀደውንና የሚከለከለውን የሚወስነው መሥሪያ ቤት ሆነ። በ1932 የተከፈተው የፓርኩ መዋኛ በ1988 ተዘጋ። ሊፈርስ ሲል ነዋሪዎች ቡልዶዘር ፊት ቆመው አስጣሉት፤ እንደገና እስኪከፈት ግን እስከ 2006 ጠበቁ። በተወሰነ የፓርኩ ክፍል ይፈቀድ የነበረው የሥጋ ጥብስም ዛሬ ተከልክሏል። ለክልከላው በቂ ምክንያት ሊኖር ይችላል። ሆኖም በረንዳም ጓሮም በሌለው ፎቅ ቤት የሚኖር ቤተሰብ ከቤት ውጭ እሳት አንድዶ የሚበላበት ሌላ ስፍራ የለውም።

ከሁሉ የከበደው ውጤት ከፓርኩ አጥር ውጭ ያለው ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዕዳ የከበደው የሃክኒ ካውንስል በብሮድዌይ ማርኬት የነበሩትን ሱቆቹን ሸጠ፤ በ2004 የቅዳሜ ገበያው እንደገና ተጀመረ፤ ሰፈሩም ተወደደ። ፓርኩ ባመረ ቁጥር በዙሪያው መከራየት ይከብዳል፤ ለሜዳው የታገሉት ሰዎች ልጆችም አጠገቡ ለመኖር አቅም ያጣሉ። ሜዳውን ያዳነው ባለርስቱ ሊነጥቀው የማይችለው የነዋሪ መብት ነበር። ለተከራዩም በሰፈሩ የሚያቆየው እንደዚያ ያለ መብት እስካልተገኘ ድረስ፣ የለንደን ፊልድስ መትረፍ ለሃክኒ ሕዝብ ግማሽ ድል ብቻ ነው።