የሳኦ ቶሜው የደን ወፍ

ማለዳ በአዲስ አበባ ላይ እየጮኸ የሚያልፈውን፣ ምንቃሩ እንደ ማጭድ የታጠፈውን፣ ከጉሮሮው ሥር ቀጭን ሥጋ የተንጠለጠለበትን ወፍ የማያውቅ ተማሪ ያለ አይመስለኝም። ይህ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር በሌላ አገር የማይገኝ አይቢስ ነው። እኔ ግን ዛሬ ለመግለጽ የፈለግሁት ዘሩ ሊጠፋ ስለ ተቃረበው የቅርብ ዘመዱ ነው።

እርሱም ከጋቦን በስተምዕራብ በምትገኘው በሳኦ ቶሜ ደሴት ብቻ ይኖራል። ርዝመቱ ግማሽ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በደን ጥላ ሥር እርጥቡን አፈር በምንቃሩ እየወጋ ትልና ቀንድ አውጣ ይለቅማል። ከ1928 እ.ኤ.አ. በኋላ ስድሳ ዓመት ያህል ያየው ሊቅ ስላልነበረ ጠፍቷል ተብሎ ነበር፤ በ1990 ግድም ግን እንደገና ተገኘ።

ፖርቱጋሎች ደሴቲቱን ይገዙ በነበረበት ዘመን የቆላው ደን ለቡናና ለካካዎ ተክል ተመንጥሯል። የእኛው ወፍ በእርሻና በሜዳ፣ በከተማ ግቢም ሣር ላይ ምግቡን ያገኛል። ያኛው ግን ያለ ጥንታዊው ደን አይሆንለትም። ይልቁንም በእኔ አስተያየት ከመጥረቢያው ይልቅ ጠመንጃው ያስፈራል። ወፉ ሲደነግጥ ርቆ አይሸሽም፤ በቅርብ ቅርንጫፍ ላይ ዐርፎ ይመለከታል። ሥጋውን የሚፈልግ አዳኝ ከዚህ የቀለለ ዒላማ ከየት ያገኛል?

በ2006 እ.ኤ.አ. የኦቦ ብሔራዊ ፓርክ ተቋቁሞ ከቀረው ደን ብዙው ተከልሏል። የሆነ ሆኖ ደኑ ሰፊና ገደላማ፣ ጠባቂውም ጥቂት ስለ ሆነ አዳኞች ዛሬም ይገቡበታል።