ሐዲድ ሲገናኝ፦ መገንጠያና ማቋረጫ በገዛ እጃችን

ሆሳዕና የባቡር ሐዲድ አልተዘረጋባትም፤ ዱራሜም እንደዚሁ። በሐድያና በከምባታ ከተሞች ለሚማር ተማሪ ሐዲድ በአብዛኛው የመጽሐፍ ሥዕል ነው። ይሁንና በትምህርት ቤት ግቢ ጥግ ጥቂት ሜትር የሚረዝም ትንሽ ሐዲድ ለመዘርጋት የሚያስፈልገው ጠፍጣፋ ብረት፣ እንጨትና ጠጠር በከተሞቹ ብየዳ ቤቶችና እንጨት ቤቶች የሚገኝ ነው። ቀጥ ያለው መስመር ብዙም አያስቸግርም። ፈተናው የሚጀምረው አንዱ መስመር ከሌላው ሲለይ ወይም ሌላውን ሲያቋርጥ ነውና በዚህ ጽሑፍ የምናተኩረው በእነዚህ ሁለት ነገሮች ላይ ይሆናል።

በቅድሚያ ስፋቱን እንወስን። ከጅቡቲ የተነሣው የቀድሞው የምድር ባቡር መስመር ግንባታው እ.ኤ.አ. በ1897 ተጀምሮ፣ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ደርሷል። በሁለቱ ሐዲዶች መካከል የነበረው ርቀት 1 ሜትር ነበር። በሌላው ዓለም የአትክልት ስፍራ ባቡር የሚሠሩ ሰዎች በብዛት የሚጠቀሙት 45 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይህንንም የጀርመኑ ኤል ጂ ቢ ከ1968 ጀምሮ በሰፊው አስለምዶታል። 1000 ለ22.5 ሲካፈል 44.4 ስለሚሆን፣ 45 ሚሊ ሜትር የመረጠ ተማሪ የዚያን የቀድሞ መስመር ትንሽ አምሳያ እየሠራ ነው ማለት ይቻላል።

ስለ ስያሜም አንድ ነገር እናንሣ። ፈረንሳዮች የመገንጠያውን ተንቀሳቃሽ ምላስ «መርፌ»፣ ሁለቱ ሐዲዶች የሚሻገሩበትን ሹል ቦታ ደግሞ «ልብ» ይሉታል። ቃላቱ ነገሩን በደንብ ስለሚገልጹት እኛም እንጠቀምባቸዋለን።

መገንጠያ ስንሠራ የመጀመሪያው ጥያቄ ልቡ የት ላይ ያርፋል? የሚል ነው። መልሱ ከፓይታጎረስ ሕግ ይገኛል። የታጣፊው መስመር መሐል ራዲየስ «ራ»፣ የሐዲዱ ስፋት «ስ» ይሁን። የታጣፊው መስመር ውጫዊ ሐዲድ ከክቡ መሐል ያለው ርቀት ራ + ስ/2 ነው። የሚያቋርጠው ቀጥተኛ ሐዲድ ደግሞ ከዚያው መሐል ራ − ስ/2 ይርቃል። የመጀመሪያውን እንደ ረጅሙ ጎን፣ ሁለተኛውን እንደ አንዱ አጭር ጎን ብንወስድ፣ ከመታጠፊያው መነሻ እስከ ልቡ ያለው ርቀት የ2 × ራ × ስ ስኩዌር ሩት ይሆናል። ራዲየሱ 1200፣ ስፋቱ 45 ሚሊ ሜትር ከሆነ የ108000 ስኩዌር ሩት፣ ማለትም 329 ሚሊ ሜትር ገደማ እናገኛለን። በልቡ ላይ ያለው ማዕዘን 15.6 ዲግሪ ያህል ነው። ርዝመቱን እጥፍ ለማድረግ ራዲየሱን አራት እጥፍ ማድረግ ግድ ይላል። በአገር አቋራጭ መስመሮች ላይ ባቡር በፍጥነት የሚያልፍባቸው መገንጠያዎች እጅግ ረጅም የሚሆኑት በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። የባቡር መንኮራኩር በውስጥ በኩል የወጣ ከንፈር አለው፤ ይህ ከንፈር ልቡን ለማለፍ ሐዲዱ ተቆርጦ ክፍተት ሊተውለት ይገባል። መንኮራኩሩ ክፍተቱ ላይ ሲደርስ ግን በዚያ በኩል የሚመራው ነገር ያጣል፤ የልቡን ሹል ሊመታ ወይም ወደ ተሳሳተው መስመር ሊገባ ይችላል። ስለዚህ በተቃራኒው ሐዲድ አጠገብ «ጠባቂ ሐዲድ» ይደረጋል። ጠባቂው የዚያኛውን መንኮራኩር ጀርባ ይዞ መላውን አክሰል ከልቡ ያርቀዋል። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ልኩ ግን አይምሬ ነው።

በምሳሌ እንየው። በሁለቱ መንኮራኩሮች ጀርባ መካከል ያለው ርቀት 40፣ የከንፈሩ ውፍረት 1.5 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። ከጠባቂው ፊት እስከ ልቡ ያለው ርቀት ቢያንስ 41.5 መሆን አለበት፤ አለዚያ ከንፈሩ ልቡን ይመታል። ከጠባቂው እስከ ልቡ ክንፍ ያለው ርቀት ደግሞ ከ40 መብለጥ የለበትም፤ አለዚያ መንኮራኩሮቹ ተጣብቀው ይቀራሉ ወይም ሐዲዱ ላይ ይወጣሉ። በሁለቱም በኩል 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ብንተው 42 እና 39 እናገኛለን፤ ሁለቱም ሁኔታዎች ተሟሉ። ክፍተቱ 2 ቢሆን ርቀቶቹ 43 እና 41 ሆነው መንኮራኩሩ ይጨናነቃል። 5 ቢሆን ደግሞ 40 እና 35 ስለሚሆኑ ልቡ ይመታል። የሚፈቀደው ከ2.5 እስከ 3.5 ብቻ ነው፤ አንድ ሚሊ ሜትር! ስለዚህ ሐዲዱን ከመቁረጣችን በፊት የራሳችንን መንኮራኩር በካሊፐር እንለካ።

የመርፌው ነገር ይቀላል። የተከፈተው መርፌ ጫፍ ከጎኑ ካለው ሐዲድ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ቢርቅ፣ በዚህ ምሳሌ የመንኮራኩሩ ጀርባ አይነካውም።

ማቋረጫ ሁለት መስመሮች ሳይገናኙ የሚተላለፉበት ሲሆን አራት ልቦች አሉት። የመሐሉ ቅርጽ ሮምበስ ነው፤ የአንዱ ጎን ርዝመት ስፋቱ ለማዕዘኑ ሳይን ሲካፈል ይገኛል። በ90 ዲግሪ 45፣ በ30 ዲግሪ 90 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ማዕዘኑ እየጠበበ ሲሄድ መንኮራኩሩ ያለ መሪ የሚጓዝበት ርቀት ስለሚረዝም፣ ለጀማሪ ከ30 ዲግሪ በታች አንመክርም።

ወደ ሥራው ስንገባ ሙሉ መጠኑን በወረቀት ላይ ነድፈን በጣውላ ላይ እንለጥፋለን። በእኛ አስተያየት ልቡ አስቀድሞ መሠራት አለበት፤ ሌላው ሁሉ ከእርሱ ይለካልና። ሁለት ብረቶችን በሞረድ አሹለን በማዕዘኑ መሠረት እንበይዳቸዋለን። ብየዳው በአንድ ትንፋሽ ከተካሄደ ሙቀቱ ብረቱን ያጣምመዋል፤ ነጥብ ነጥብ እያደረጉ፣ እያቀዘቀዙ መሥራት ይሻላል። በትክክል 45 ሚሊ ሜትር የተቆረጠ ብረት እንደ መለኪያ ይዘን፣ ቀጥተኛውን ሐዲድ፣ ቀጥሎ ታጣፊውን፣ በመጨረሻም ጠባቂዎቹን እናስራለን።

ይህ የልጅ ጨዋታ የሚመስለው አንባቢ ካለ የአዲስ አበባን ቀላል ባቡር ያስታውስ። እ.ኤ.አ. በ2015 በ41 ባቡሮች ሥራ ጀምሮ፣ በኋላ ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጥረት ከአገልግሎት ወጥተዋል። ክፍተትን በሚሊ ሜትር ለክቶ፣ ሞርዶ፣ ደግሞ ለክቶ የሚያስተካክል እጅ በጥገና ሥራ ላይ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ከዚህ መገመት አይከብድም።

ለሆሳዕናና ለአካባቢዋ ሁለት ጉዳዮች እንጨምር። የክረምቱ ዝናብ ጭቃውን ስለሚያላላው ከአግዳሚ እንጨቶቹ ሥር ውኃ የሚያሳልፍ ጠጠር ይነጠፍ፤ እንጨቱ አፈር ካልነካም ምስጥ በቀላሉ አያገኘውም። ሁለተኛ፣ ብረት በሙቀት ይረዝማል፤ 10 ሜትር ሐዲድ የ30 ዲግሪ ሴልሺየስ ለውጥ ሲደርስበት 3.6 ሚሊ ሜትር ያህል ይጨምራል። ስለዚህ በየመገጣጠሚያው ጥቂት ክፍተት እንተዋለን፤ ልቡንና ጠባቂዎቹን ግን በአንድ ጣውላ ላይ አጥብቀን እናስራቸዋለን፤ አለዚያ የተለካው 3 ሚሊ ሜትር በፀሐይ ይለወጣል።