አሮጌ መኪና ገዝተው አገር ለማየትና በውስጡ ለማደር ለሚያስቡ

አገሩን ማየት የሚወድ ወጣት ብዙ ነው። ተማሪው በክረምት ዕረፍቱ፣ የመንግሥት ሠራተኛውም በዓመት ፈቃዱ ከከተማ ወጣ ብሎ ተራራውንና ሐይቁን፣ ጫካውንና ቆላውን ለማየት ይመኛል። ዳሩ ግን የሆቴሉ ኪራይ ከደመወዙ ጋር አይመጣጠንም፤ አውቶቡሱም ከዋናው መንገድ አልፎ ከሚፈልገው ስፍራ አያደርሰውም። ከዚህ የተነሣ ሦስት ወይም አራት ጓደኛሞች በዕቁብ ገንዘብ አጠራቅመው በአራቱም ጎማ የሚጎትት አንድ አሮጌ መኪና ለመግዛት፣ ቀን ሊጓዙበት ማታም ሊተኙበት ሲመካከሩ ይሰማል።

ውድ አንባቢያን፤ ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን የብዙ ዓመት ቁጠባ በአንድ ቀን የሚጠፋው፣ አንዳንድ ጊዜም ከገንዘብ የበለጠ ነገር የሚጠፋው በምርጫው ላይ በሚደረግ ስሕተት ነው። ስለዚህ አንድ ነገር አስቀድመን እንንገራችሁ። አሮጌ መኪና የሚመረጠው ከታች ወደ ላይ ነው እንጂ ከላይ ወደ ታች አይደለም። ገዢው ብዙውን ጊዜ ዐይኑ የሚያርፈው በቀለሙ፣ በወንበሩና በሬዲዮው ላይ ነው። ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ ገንዘቡን የሚያወጣው በቀለሙ ላይ ነው። ከታች ግን ማንም ቀለም አይቀባም፤ እውነቱም የሚገኘው እዚያ ነው።

ሁለቱ ስመ ጥር ዘሮች

በአገራችን መንገድ ላይ ብዙ ዘመን ያገለገሉት ሁለት ዘሮች ናቸው። የመጀመሪያው ላንድሮቨር ነው። ይህ መኪና ለሕዝብ የታየው እ.ኤ.አ. በ1948 ዓ.ም. በአምስተርዳም የመኪና ትርኢት ሲሆን፣ ያሳቡትም ሞሪስ ዊልክስ የተባሉት የሮቨር ኩባንያ መሐንዲስ ናቸው። በዚያን ጊዜ ከጦርነቱ የተነሣ በእንግሊዝ አገር ብረት በራሽን ይታደል ስለ ነበር ገላው ከአሉሚኒየም ተሠራ። አሉሚኒየም እንደ ብረት አይዝግም። ይሁን እንጂ ገላውን የሚሸከመው ሻንሲ ብረት ስለ ሆነ፣ ከላይ ደኅና መስሎ ከታች የተበላ ላንድሮቨር ማግኘት የተለመደ ነገር ነው። ለማደርያ የሚሆነው ረጅሙ፣ ማለትም ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ 109 ኢንች የሆነው ነው። ባለ 88 ኢንቹ ግን ጀርባው አጭር ስለ ሆነ ረጅም ሰው እግሩን ዘርግቶ አይተኛበትም።

ሁለተኛው የቶዮታ ላንድክሩዘር ነው። የዚህ መኪና የመጀመሪያው ዐይነት እ.ኤ.አ. በ1951 ዓ.ም. በጃፓን የፉጂን ተራራ እስከ ስድስተኛው ጣቢያ ድረስ ወጥቶ ችሎታውን አስመስክሯል። ላንድክሩዘር የሚለውን ስም ያገኘው ግን በ1954 ነው። እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ የወጣው ባለ 70 ቁጥሩ ዘር፣ በተለይም ሕዝቡ ሃርድቶፕ የሚለው ረጅሙ፣ ጀርባው ሰፊና ጣራው ከፍ ያለ በመሆኑ ለመኝታ ይመቻል። ከ1990 ወዲህ የተሠሩት ብዙዎቹ ባለ 4.2 ሊትር የናፍጣ ሞተር አላቸው። ሞተሩ ፈጣን አይደለም፤ ግን ውስብስብ የኤሌክትሮኒክ ዕቃ የለበትም፣ በየከተማውም የሚያውቀው መካኒክ አይታጣም። ለእናንተ ከፍጥነቱ ይልቅ ይህ ይበልጥባችኋል። መለዋወጫው በጎባ ወይም በአርባ ምንጭ የማይገኝለት መኪና የቱንም ያህል ቢረክስ ውድ ነውና።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ተነግሯል። ከዚህ የተነሣ ባነስተኛ ገንዘብ ለሚገዛ ሰው ምርጫው በአብዛኛው በአገር ውስጥ ብዙ ዓመት የሠራው መኪና ነው። ብዙ ዓመት የሠራ መኪና ደግሞ ብዙ ጊዜ ተጠግኗል። የእናንተ ሥራ የተጠገነውን መሸሽ ሳይሆን፣ በደኅና የተጠገነውን ከተሸፋፈነው መለየት ነው።

ከታች ጀምሩ

መኪናውን ለማየት ስትሄዱ ሻጩን የማያውቅ መካኒክ ይዛችሁ ሂዱ፤ የድካሙንም ዋጋ አትንፈጉት። መኪናው በጋራዥ ጉድጓድ ላይ ይቁምና ሻንሲው ከዳር እስከ ዳር በትንሽ መዶሻ ይንኳኳ። ደኅናው ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተበላው ግን የታፈነ ድምፅ አለው። በተለይ ባሌስትራው የሚታሰርበትን ቦታና የኋለኛውን ተሻጋሪ ብረት እዩ፤ ጭቃ የሚጠራቀመው እዚያ ነውና። በአፋር የጨው ምድር የሠራ መኪና ከሆነ ጥንቃቄያችሁ እጥፍ ይሁን። ብየዳ ብታዩ አትደንግጡ፤ አዲስ ጥቁር ቀለም የተቀባበትን ብየዳ ግን ለምን እንደ ተቀባ ጠይቁ።

ከሻንሲው ቀጥሎ ወለሉን እዩ። ምንጣፉን አንሡና በላሜራው ላይ ቀዳዳ መኖር አለመኖሩን መርምሩ። ይህ ትንሽ ነገር መስሎ እንዳይታያችሁ። በወለሉ ቀዳዳ ቀን አቧራ ይገባል፤ ሞተሩ እየሠራ ከቆመ ደግሞ ከተበሳ ማርሚታ የሚወጣው ጭስ በዚያው በኩል ይገባል። በመኪና ውስጥ ለማደር ለሚያስብ ሰው የወለል ቀዳዳ የነፍስ ጉዳይ ነው።

ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ ይነሣ። ሻጩ አስቀድሞ አሙቆ ከጠበቃችሁ በሌላ ቀን ተመለሱ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት መቃጠሉን ያመለክታል፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የማያቋርጥ ነጭ ጭስ ደግሞ ውሃ በቴስታታው ጓርኒሲዮን በኩል መግባቱን ሊያሳይ ይችላል። የፊቱ ጎማ መጎተቱን በአስፋልት ላይ ሳይሆን በአፈር ወይም በጠጠር መንገድ ላይ ሞክሩ። በብዙዎቹ አሮጌ መኪናዎች በደረቅ አስፋልት ላይ በአራቱም ጎማ መንዳት ጥርሶቹን ይጎዳል። በጎማው ጎን ላይ የተጻፉትንም አራት ቁጥሮች አንብቡ። የፊተኞቹ ሁለቱ የተሠራበትን ሳምንት፣ የኋለኞቹ ሁለቱ የፈረንጁን ዓመት ይነግሯችኋል። ከ10 ዓመት ያለፈ ጎማ ጥርሱ ቢያምርም አይታመንም።

ስለ ከፍታውና ስለ ቁልቁለቱ

ለምሳሌ የባሌን ተራሮች ለማየት ከአዲስ አበባ በሻሸመኔ በኩል ወደ ጎባ ብትሄዱ መንገዱ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከጎባ በላይ የሰነቴ አምባ 4,000 ሜትር ያህል ከፍታ አለው፤ የቱሉ ዲምቱ ጫፍ ደግሞ 4,377 ሜትር ይደርሳል። በዚያ ከፍታ አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከኀይሉ አንድ ሦስተኛ ያህሉን ያጣል። ዳገቱን በዝግታ መውጣታችሁ የመኪናው ሕመም ላይሆን ይችላል፤ የአየሩ ጠባይ ነው።

ይበልጥ የሚያሰጋው ቁልቁለቱ ነው። ከሰነቴ በሐረና ጫካ በኩል ወደ ዶሎ መና ስትወርዱ ከ4,000 ሜትር ገደማ ተነሥታችሁ ከ1,500 ሜትር በታች ትደርሳላችሁ። በፍሬን ብቻ የሚወርድ ሰው ፍሬኑ ግሎ ያልቅበታል። የወጣችሁበትን ማርሽ ይዛችሁ ውረዱ። ከባዱንም ዕቃ በፖርቶ መጋላ ላይ አትስቀሉት። ባለ 20 ሊትር የውሃ ጀሪካን 20 ኪሎ ነው፤ ሦስቱ በጣራ ላይ ሲሆኑ በጠመዝማዛ መንገድ ላይ መኪናውን ለመገልበጥ ያግዛሉ።

አልጋው

ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ከመካከላችሁ ረጅሙ ሰው በመኪናው ጀርባ ይተኛ። በዚህ ማፈር አይገባም። ሜትር ይዛችሁ ለኩ፤ ለርዝመቱ 1.90 ሜትር፣ ለሁለት ሰው ስፋት 1.20 ሜትር ያህል ብታገኙ መልካም ነው። አራት ሰው ገዝቶት አራት ሰው እንደማይተኛበት አስቀድማችሁ ተስማሙ። ሁለቱ በመኪናው፣ ሁለቱ በድንኳን ያድራሉ፤ በማግስቱም ይለዋወጣሉ።

አልጋውን ከኮምፔርሳቶ ሠርታችሁ በታቹ ሣጥኖች አድርጉ፤ በላዩም ስፖንጅ ፍራሽ ይበቃል። በብሎን የሚታሰርና የሚፈታ ይሁን እንጂ አትበይዱት፤ ለዓመታዊው ምርመራ ወንበሮቹን መልሳችሁ ለመግጠም ይቀላችኋል። የኋለኛው በር ከውስጥ መከፈቱን ሞክሩ፤ በአንዳንድ አሮጌ መኪናዎች ከውጭ ብቻ ይከፈታልና። የነጂውም ወንበር ማታ ማታ ባዶ ይሁን፤ በድንገት መሄድ ቢያስፈልግ ዕቃ ለማንሣት ጊዜ አይኖርም።

ሌሊቱ

በሰነቴ በበጋ ሌሊት ብርዱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። በዚያን ጊዜ የሚመጣው ፈተና ከሰል አቀጣጥሎ ወደ ውስጥ ማስገባት ወይም ሞተሩን አስነሥቶ መተኛት ነው። ሁለቱንም አታድርጉ። የከሰሉ ጭስ ቢያልቅም፣ ፍሙ በዐመድ ቢሸፈንም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዝ ከእርሱ ይወጣል። መርዙ ቀለምም ሽታም የለውም፤ የተኛውን ሰው አያነቃውም። በየክረምቱ በተዘጋ ቤት ውስጥ በከሰል ምክንያት የሚደርሰውን ሐዘን ሁላችሁም ሰምታችኋል፤ መኪና ደግሞ ከቤት የጠበበ ነው። ብርዱን በብርድ ልብስና በጋቢ ተከላከሉ፤ ምግቡንም በውጭ አብስሉ።

በግራና በቀኝ መስኮቱን ሁለት ጣት ያህል ክፈቱ። እንዲህ ካላደረጋችሁ ትንፋሻችሁ ውሃ ሆኖ ጣራውን ያረጥበዋል፤ ጧትም ፍራሹ እርጥብ ሆኖ ይገኛል። ከ2,000 ሜትር በታች በምታድሩበት ጊዜ የወባ ትንኝ ስለማይታጣ መስኮቱን በአጎበር ጨርቅ ሸፍኑ። በደረቅ ወንዝ ውስጥ አትደሩ፤ ዝናቡ በደጋ ዘንቦ ጎርፉ ሌሊት ቆላ ይደርሳልና። ከመነሣታችሁም በፊት የመንገዱን ሰላም ጠይቁ፤ ከደረሳችሁም በኋላ ለአካባቢው ሽማግሌ ወይም ለፓርኩ ጠባቂ ሳትነግሩ አትደሩ። እንግዳ መሆኑን ያስታወቀ ሰው ጠባቂ አያጣም።

ወረቀቱ

በሊብሬው ላይ ያለው የሞተርና የሻንሲ ቁጥር በመኪናው ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን በዐይናችሁ አረጋግጡ። መኪናው የእርዳታ ድርጅት ወይም የኤምባሲ ንብረት ከነበረ ከቀረጥ ነፃ ገብቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ቀረጡ መከፈሉን የሚያሳይ ማስረጃ ሳታዩ አትዋዋሉ። ያለበለዚያ ስሙ ወደ እናንተ አይዞርም። ሊብሬውም በአንድ ሰው ስም የሚወጣ ከሆነ፣ እያንዳንዱ ያዋጣውን፣ አንዱ ቢዛወር ወይም ቢያገባ ድርሻው እንዴት እንደሚመለስለት በጽሑፍ አስፍሩ። ብዙ ወዳጅነት ያፈረሰው ክፋት ሳይሆን ያልተጻፈ ስምምነት ነው።

ይህን ሁሉ ፈጽማችሁ መኪናው በእጃችሁ በገባ ጊዜ ወዲያው ወደ ባሌ አትገሥግሡ። መጀመሪያ በቅርብ፣ በዝዋይ ወይም በላንጋኖ ሐይቅ ዳር አንድ ሌሊት እደሩበት። የሚያፈሰውን፣ የሚንኳኳውንና የጎደለውን ዕቃ ያ አንድ ሌሊት ይነግራችኋል፤ የሚጠግነውም መካኒክ ሩቅ አይሆንም። ከዚያ በኋላ ተራራው አለ፤ ቀይ ቀበሮውም በሰነቴ ሣር ላይ አይጥ ሲያድን ታገኙታላችሁ። መልካም ጉዞ ይሁንላችሁ።