ድንበሩን በምንቃሩ የሚያስከብረው ግንደ ቆርቁር

ልደታ ፍርድ ቤት ደጃፍ ዶሴ ታቅፈው ተራ ከሚጠብቁ ባለጉዳዮች መካከል የይዞታ ክርክር ያለበት አይጠፋም። ግንደ ቆርቁርም የይዞታ ጉዳይ አለበት፤ የሚሟገተው ግን ደረቅ ግንድ እየደለቀ ነው።

በአገራችን ካሉት ግንደ ቆርቁሮች አንዱ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር የትም አይገኝም። ደገኛ ነው፤ ጽድና ኮሶ ያለበትን ጫካ ይወዳል። ጀርባው ወርቃማ ሲሆን ቁመቱ 16 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ወንዱ ከአናቱ እስከ ማጅራቱ ቀይ ነው፤ ሴቷ ግን አናቷ ላይ ይህ ቀለም የላትም። ለሳይንስ የተመዘገበው በ1814 እ.ኤ.አ. በታተመው የእንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት የሐበሻ ጉዞ መጽሐፍ ውስጥ ነው።

ግንደ ቆርቁሮች ግንድ የሚመቱበት ምክንያት ከአንድ በላይ ነው። ትል ሲፈልጉ አመታታቸው ቆም ቀጠል የሚልና የተዘበራረቀ ነው። ድንበር ሲያስከብሩ ግን ምቱ ፈጣንና እኩል ነው፤ አንዳንዶቹ ዝርያዎች በሰከንድ እስከ 20 ጊዜ ይመታሉ። ለዚህም ድምፅ አጉልቶ የሚያሰማ ደረቅ ቅርንጫፍ ይመርጣሉ፤ ከተማ ውስጥ ቆርቆሮም የሚደልቁ አሉ። ድለቃው ለጎረቤት «ባለቤት አለው» የሚል ማስጠንቀቂያ፣ ለተጓዳኝም ጥሪ ነው። በብዙ ዝርያዎች ሴቷም ትደልቃለች።

ማስጠንቀቂያው ካልበቃ ባላንጣዎቹ ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ የራስ ላባቸውን ያቆማሉ፣ ክንፋቸውን ይዘረጋሉ፣ ምንቃራቸውን ቀስረው ጭንቅላታቸውን ግራና ቀኝ ያወዛውዛሉ። አብዛኛው ጠብ እዚሁ ላይ ያበቃል። እንጨት የሚፈለፍል ምንቃር ዓይን ሊያጠፋ ስለሚችል መደባደብ ለአሸናፊውም አያዋጣም።

ሀብቱ ሲበዛ ግን ድብድቡ አይቀርም። ካሊፎርኒያ ውስጥ ግንድን እንደ ጎተራ ተጠቅሞ የባሉጥ ፍሬ የሚያከማች ዝርያ አለ። ከጎተራው ባለቤቶች አንዱ ሲሞት ወራሽ ለመሆን የሚሹ ወንድማማቾችና እህትማማቾች በቡድን ይመጣሉ፤ ውጊያው ለቀናት ይዘልቃል፣ ደምም ይፈስበታል። በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው ውጊያውን ለማየት ብቻ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ በርረው የሚመጡ ወፎችም አሉ።

የአብዛኛው ጠብ ሥር ግን ትል፣ የመደለቂያ ቅርንጫፍና መኖሪያ ቀዳዳ ነው። ሦስቱም በብዛት የሚገኙት በደረቀ ወይም በበሰበሰ እንጨት ላይ ነው። ግንደ ቆርቁር የለቀቀውን ቀዳዳ ደግሞ መፈልፈል የማይችሉ ሌሎች ወፎች ይወርሱታል። ስለዚህ ሰው ላይ የማይወድቅ ደረቅ ግንድ በየአጸዱና በየግቢው ሳይቆረጥ ቢቀር ተጠቃሚው አንድ ወፍ ብቻ አይሆንም።