በሳሎን የተሠራች ሰማያዊ ታክሲ

ክረምት ሲገባ እንጦጦ ጉሙን ተከናንቦ ይውላል። ከሽሮ ሜዳ እስከ አዲሱ ገበያ ያለን የጉለሌ ወላጆችም አንድ ዓይነት ጭንቀት እንጋራለን፤ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ውጭው ጭቃ ነው፣ ልጁ ደግሞ ዓይኑን ከስልክ አይነቅልም። የእርስዎም ቤት እንዲሁ ከሆነ፣ ባለፈው ክረምት እኛ ቤት የሆነውን ላጫውትዎ።

የ12 ዓመቱ ልጄ ከውጭ የመጣለትን የቶዮታ ሃይስ ሞዴል ገጣጠመ። አኦሺማ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የሚያመርተው፣ ከእውነተኛው መኪና 24 ጊዜ ያነሰ ሞዴል ነው፤ 4.7 ሜትር ገደማ የሚረዝመው ሃይስ 20 ሴንቲሜትር ያህል ሆኖ ጠረጴዛ ላይ ይቆማል። ልጄ የፈለገው ግን የሳጥኑ ሥዕል ላይ ያለውን መኪና አልነበረም። በየቀኑ ትምህርት ቤት የሚያደርሰውን፣ ከላይ ነጭ ከታች ሰማያዊ የሆነውን ታክሲ ነበር።

ነጩን ቀባ። በወረቀት ፕላስተር መስመር አበጅቶ ሰማያዊውን ረጨ። ፕላስተሩን ሲያነሳው ሰማያዊው በሥሩ ሾልኮ ገብቷል፤ መስመሩም ተንጋድዷል። ሞዴሉን ካርቶኑ ውስጥ መልሶ «እኔ አልችልም» አለና ተነሳ። ይህን ቃል ከልጅዎ አፍ ሰምተው ከሆነ፣ እንዴት እንደሚከብድ ያውቁታል።

ምላጭ የያዘች «ማተሚያ»

ጋራዥ ገብተው ካዩ፣ ቀለም ቀቢው መስታወቱንና መብራቱን በጋዜጣና በፕላስተር ሸፍኖ ነው የሚረጨው። የሞዴል ሥራም ያው ነው፤ ልዩነቱ መጠኑ ነው። እንዲህ ባለ ሞዴል ላይ የ1 ሚሊሜትር ስህተት በእውነተኛው መኪና ላይ 2.4 ሴንቲሜትር ማለት ነው። ኤድዋርድ የተባለው የቼክ ኩባንያ ለታወቁ ሞዴሎች ተቆርጦ ያለቀ መሸፈኛ ይሸጣል። የአዲስ አበባን ታክሲ ግን ራስዎ ካልቆረጡት ማን ይቆርጥልዎታል?

ክሪከት፣ ሲሉዌት ካሜዮ፣ ብራዘር ስካንካት የሚባሉት የቤት መቁረጫ ማሽኖች የሚጠቅሙት እዚህ ላይ ነው። ሲያዩዋቸው የኮምፒውተር ማተሚያ ይመስላሉ፤ በቀለም ፋንታ ግን ትንሽ ምላጭ ይዘዋል። ኮምፒውተር ላይ የተሳለውን መስመር እየተከተሉ ወረቀትና ስቲከር ይቆርጣሉ። እኛ የተዋስነው እህቴ የልደት ማስዋቢያና የጥሪ ካርድ የምትሠራበትን ነው።

ማሽን ከሌለዎት ለመግዛት አይቸኩሉ። ታክሲ ላይ የሚለጠፉትን ጥቅሶች የሚቆርጡ ስቲከር ቤቶች ፕሎተር የሚሉት ትልቅ ማሽን አላቸው፤ አሠራሩ አንድ ነው። ሥዕሉን በፍላሽ ይዘው ይሂዱ፤ መጠኑ እንዳይለወጥም አጠገባቸው ሆነው በማስመሪያ ይለኩ።

ደረጃ በደረጃ

መጀመሪያ የተበላሸውን ቀለም በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት፣ በውሃ እያራሱ ያለሰልሱና ነጩን እንደገና ይቀቡ። መሸፈኛ ከመለጠፍዎ በፊት ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ይድረቅ። ክረምት ላይ ሁለት ቀን ቢቆይ ይሻላል።

ሁለተኛው ልኬት ነው። እኛ የሞዴሉን ጎን በስልክ ቀርበን አንስተን ሣልንበት፤ ተቆርጦ ሲመጣ መስመሩ በ2 ሚሊሜትር ተዛነፈ። ስልክ በጣም ሲጠጋ ምስሉን ያጣምማል። ራቅ ብለው፣ ከሞዴሉ አጠገብ ማስመሪያ አስቀምጠው ያንሱ። ወይም ስስ ወረቀት ሞዴሉ ላይ አሳርፈው ጠርዙን በእርሳስ ይከተሉና ወረቀቱን ስካን ያድርጉ። ኢንክስኬፕ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ለመሳል ይበቃል።

ሦስተኛ፣ በቀጥታ ስቲከሩን አይቁረጡ። አስቀድመው በተራ ወረቀት ቆርጠው ሞዴሉ ላይ ይሞክሩ። ልጄ አራት ጊዜ ወረቀት ቆርጧል፤ ሦስተኛው ላይ ሊተወው ነበር። «ወረቀት ነው፣ ምን ጠፋ?» አልኩት። አራተኛው ልክ ሆነ።

አራተኛው የምላጩ ጥልቀት ነው። ምላጩ ስቲከሩን ቆርጦ የጀርባውን ወረቀት መተው አለበት። ከጥግ ላይ ትንሽ አራት ማዕዘን ቆርጠው ይሞክሩ፤ ጀርባው ከተበሳ የምላጩን ጥልቀት ወይም ኃይሉን ይቀንሱ።

አምስተኛ፣ የማስታወቂያ ስቲከር ሙጫው ኃይለኛ ስለሆነ ቀለሙን ይዞ ሊነሳ ይችላል። ከመለጠፍዎ በፊት ንጹሕ ጨርቅ ላይ አንዴ ሁለቴ ለጥፈው ያንሱት። ሞዴሉ ላይ ካሳረፉት በኋላ ጠርዙን በጥፍር ወይም በጥርስ መጎርጎሪያ ጫፍ ተጭነው ያስኪዱ። የታጠፈ ቦታ ላይ አንዱን ትልቅ መሸፈኛ በትናንሽ ቁራጭ ይከፋፍሉት፤ አለዚያ ይጨማደዳል።

ስድስተኛውን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ከሰማያዊው በፊት በመሸፈኛው ጠርዝ ላይ ያንኑ ነጭ በስሱ ይርጩ። በሥሩ የሚሾልክ ቀለም ካለ ነጩ ይሾልካል፤ ነጭ በነጭ ላይ ደግሞ አይታይም። ቀዳዳውም በዚያው ይደፈናል። ከዚያ ሰማያዊውን በስሱ፣ ደጋግመው ይርጩ።

ዝናቡና ሳንባዎ

የሚረጭ ቀለም በተዘጋ ሳሎን አይረጭም። በረንዳ ላይ፣ አፍና አፍንጫዎን ሸፍነው ይሥሩ፤ ለኬሚካል ሽታ የሚሆን ማጣሪያ ያለው መሸፈኛ ካገኙ ይመረጣል። ክብሪትና የከሰል ምድጃ አጠገብ አይኑር። ዝናብ እየጣለ አይርጩ፤ እርጥበት አንጸባራቂውን ቀለም ጭጋግ የለበሰ ያስመስለዋል። በጉለሌ ክረምት ይህ ማለት ከዝናብ እስከ ዝናብ ያለችውን ፀሐይ ጠብቆ መሽቀዳደም ነው። ምላጭ መቀየር የአዋቂ ሥራ ይሁን፤ መሳሉን፣ መለካቱንና መለጠፉን ለልጁ ይተዉለት።

የኋላው ጥቅስ

ታክሲ ያለ ጥቅስ ታክሲ አይደለም። ልጄ ከኋላ በር ላይ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር አሰበ። ነገር ግን በእውነተኛው መኪና 5 ሴንቲሜትር ቁመት ያለው ፊደል እዚህ 2 ሚሊሜትር ብቻ ይሆናል፤ ምላጩ ፊደሉን ቦጫጨቀው። ልጄ ዓረፍተ ነገሩን እያሳጠረ፣ እያሳጠረ ሄደና አንድ ቃል ላይ ቆመ፤ ፊደሎቹንም 6 ሚሊሜትር አደረጋቸው። የተቆረጡትን ፊደላት ነጩ ላይ ለጠፈ። በ«ቀ» ሆድ ውስጥ ያሉትን ፍርፋሪዎች በወረንጦ እየለቀመ አወጣና ሰማያዊውን በላያቸው ረጨ።

ቀለሙ ሲጠነክር፣ መሸፈኛውን ወደ ኋላ አጥፎ ቀስ እያለ ላጠው። እኔ ትንፋሼን ይዤ ነበር። የጎኑ መስመር ቀጥ ብሎ ወጣ። በግራ በኩል፣ የጎማው መቀመጫ አጠገብ፣ ትንሽ ሰማያዊ ሾልካለች። «ትተካከል?» አልኩት። «ተዋት» አለኝ፤ «የኛ ሰፈር ታክሲ ጭረት የሌለው አይቼ አላውቅም።»

አሁን ቀጣዩን እየለካ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2012 እ.ኤ.አ. ከአፍሪካ ቀድሞ የተረከበው ቦይንግ 787፣ 144 ጊዜ ተቀንሶ 39 ሴንቲሜትር ይሆናል። ጅራቱ ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ አለ፤ ሦስት መሸፈኛ ማለት ነው። ቢጫው ከሌሎቹ ቀድሞ እንደሚቀባ ራሱ ነው የነገረኝ፤ ደማቅ ቀለም ላይ ቢጫ አይሸፍንም።

ታክሲዋ መደርደሪያችን ላይ ቆማለች። ከኋላዋ በነጭ የተጻፈው አንድ ቃል «ቀስ» ይላል።