ያውቁ ኖሯል? የወታደር ቅድመ አያት ዱካ
በ19ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ ጦር ያገለገለ ተራ ወታደር የስንብት ወረቀት የትውልድ ቦታውን፣ የቀድሞ ሙያውን፣ ቁመቱን፣ የዓይኑንና የፀጉሩን ቀለም፣ አንዳንዴም ጠባሳውን ሳይቀር ይዘረዝራል። ወረቀቶቹ የሚገኙት ለንደን፣ ኪው ባለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ነው። ሆኖም እስከ 1883 እ.ኤ.አ. ድረስ የተጠበቁት በአብዛኛው በጡረታ የተሰናበቱት ወታደሮች ወረቀቶች ናቸው፤ በአገልግሎት ላይ ሳለ የሞተውን ወይም የከዳውን ለማግኘት የክፍለ ጦሩን የደመወዝና የስም መቆጣጠሪያ መዝገብ ማገላበጥ ያስፈልጋል። በ1868 እ.ኤ.አ. ወደ መቅደላ የዘመቱት ወታደሮች የሜዳሊያ ስም ዝርዝርም እዚያው አለ፤ ለእንግሊዝ ወታደሮች በተሰጠው ሜዳሊያ ጀርባ የባለቤቱ ስምና ክፍለ ጦር ተቀርጿል። ፍለጋውን ሲጀምሩ አስቀድመው የክፍለ ጦሩን ስም ይወቁ፤ ሥራዎን እጅግ ያቀልልዎታል።